የሚያቃጥል የዓይን ጠብታ፦ ድርቀት ያለበት ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ የእንባ ሽፋን ቶሎ ቢደርቅ አይገርምም። በደረቀ ዓይን ላይ የሚጨመር መድኃኒት ደግሞ እንደ በርበሬ ያንገበግባል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ «አቃጠለኝ» ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ። ለድርቀት የሚታዘዘው የሳይክሎስፖሪን ጠብታ ሲጨመር ያቃጥላል፤ ጥቅሙ የሚታየውም ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተወ ሰው ሥቃዩን ችሎ ፈውሱን ሳያየው ቀረ። የግላኮማ ጠብታ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ሳያምም እይታን ያጠፋል፣ የጠፋውም አይመለስም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ዓይንን የሚቆጠቁጠው መድኃኒቱ ራሱ ሳይሆን እንዳይበላሽ የተጨመረበት ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ማቆያ ነው። በቀን ደጋግሞ ሲገባ የዓይኑን ድርቀት ያባብሰዋል። ማቆያ የሌለበት ዓይነት አለ። ዋጋው ወደድ ይላል፣ በየመድኃኒት ቤቱም ላይገኝ ይችላል፤ ቢሆንም ሐኪሙን ሳይጠይቁ መቅረት አያዋጣም።

አብዝቶ መጨመርም አይረባም። ዓይን የሚይዘው አንድ ጠብታ ብቻ ነው፤ ትርፉ በጉንጭ ይፈስሳል፣ አለዚያም በአፍንጫ በኩል ወርዶ ጉሮሮን ያመርራል። ጨምረው ወዲያው የሚያርገበግቡ ወይም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጨምቁ ሰዎችም መድኃኒቱን ያስወጡታል። እጅ ታጥቦ፣ ራስ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን በጣት ዝቅ ሲደረግ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። ወደ ላይ እያዩ ጠብታው እዚያ ይግባ፤ የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ። ከዚያ በቀስታ ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ ነው።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ያላቸው ሰዎች አከታትለው ሲጨምሩ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ቢያንስ አምስት ደቂቃ፣ ቢቻል አሥር ይጠብቁ። ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማለትም ዓይንን የሚያረጥበው ጠብታ፣ አስቀድሞ ቢገባ የሚከተለው መድኃኒት ብዙ አይቆጠቁጥም። ቅባት ካለ የመጨረሻው እሱ ነው።

አቀማመጥን በተመለከተ፣ ሰው ሠራሽ እንባ ቀዝቀዝ ሲል ዓይንን ያሳርፋል፤ ለመንዝ ሰው ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በውርጭ ሌሊት ግን መስኮት ላይ አይደር፣ መድኃኒት መርጋት የለበትም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ደግሞ ብልቃጡን ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስታወት ሥር አይተወው።

የጎረቤት ጠብታ መዋስ ከሁሉም የሚያናድደኝ ነው። ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ቅላትን በፍጥነት ስለሚያጠፋ «ተአምረኛ» ይባላል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲዘወተር ግን የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። ጠብታ ጨምሮ ወዲያው ወደ ኩበት ጭስ መመለስስ? ምንም አላተረፉም።

በመጨረሻ፣ ቆርቋሪ ስሜት ሁሉ ድርቀት አይደለም። የዓይን ማዝ በቆየበት አካባቢ የሽፋሽፍት ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌንን ይፍቃል። ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይገፋሉ፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ይህን የትኛውም ጠብታ አያቃናውም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየትና እንደ አስፈላጊነቱ የሽፋን ቀዶ ሕክምና ማድረግ ያስፈልጋል።