ማህፀንና ጤናማው እንቁልጢ ሳይወጡ፦ የቦርደርላይን ዕጢ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይሠራ?

ቦርደርላይን የሚባለው የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ዕጢ ተራ ሲስት (ውኃ የቋጠረ ከረጢት) አይደለም፣ የለየለት ካንሰርም አይደለም። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ግን ሥር ሰደው ሥጋውን አይወሩም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ናቸው። ዕጢው ከእንቁልጢ ካልወጣ ከ10 ዓመት በኋላም ከ100 ሴቶች ከ95 በላይ የሚሆኑት በሕይወት ይኖራሉ። ስለዚህ መውለድ የምትፈልግ ሴት ማህፀኗ ሊተርፍላት ይገባል።

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወይም ከቦንጋ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትመጣ ሴት የአልትራሳውንድ ውጤቷንና የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ወረቀት ካላት ይዛ ትምጣ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ደህና ቢሆንም ዕጢው የለም ማለት አይደለም። ሲስቱን በመርፌ ወግቶ ውኃውን መቅዳት ግን አይገባም፤ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ሊንጠባጠብ ይችላል፣ አስተማማኝ መልስም አይገኝበትም።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ መውለድ እንደምትፈልግ፣ ምን እንዲወጣ እንደፈቀደችና ምን እንዳይነካ በግልጽ ይጻፍ። አፋን ኦሮሞ የምትናገር ከሆነች በአፋን ኦሮሞ ይነገራት፤ ለባሏ ወይም ለእናቷ ብቻ ተነግሮ አይታለፍ።

ሆድ ሲከፈት መጀመሪያ በሳላይን ይታጠብና ፈሳሹ ለምርመራ ይቀመጥ። ከዳሌ እስከ ዲያፍራም ያለው ሁሉ በዓይንና በእጅ ይፈተሽ። ዕጢው ሳይፈርጥ ይውጣ፤ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ከሆነ በከረጢት ውስጥ። አንድ ወገን ብቻ ከታመመ የዚያ ወገን እንቁልጢና ቱቦ አብረው ይወጣሉ፤ ሲስቱ ብቻ ተልጦ ሲወጣ ዕጢው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሁለቱም ከታመሙ ወይም የቀረላት አንድ እንቁልጢ ብቻ ከሆነ ግን ሲስቱን ልጦ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ደሙን በመተኮስ ፈንታ በስፌት ማቆም የተረፈውን እንቁላል ይጠብቃል። ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ያለበት፣ ሙሲነስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን እንቁልጢው ሙሉውን መውጣቱ ይመረጣል፣ ትርፍ አንጀቱም ይታይ፤ ምንጩ ከዚያ ሊሆን ይችላልና። ከሞራውና ካጠራጠረ ቦታ ሁሉ ናሙና ይወሰድ። ጤናማ የሚመስለውን ሁለተኛ እንቁልጢ «ለማረጋገጥ» ብሎ መቁረጥ ግን ጠባሳና መጣበቅ ያመጣል፤ ይህ ስሕተት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

በቀዶ ሕክምናው መሐል እዚያው የሚደረገው ፈጣን የዕጢ ምርመራ ካላረጋገጠ፣ ወይም ጭራሹን ከሌለ፣ የግድ የሚወጣውን ብቻ አውጥቶ ሆዱን መዝጋት ይሻላል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይቻላል፤ የወጣ ማህፀን ግን አይመለስም።

የናሙናው ዕቃ አፉ ሰፊ ባልዲ ይሁን። ጠባብ አፍ ባለው ጠርሙስ የገባ ለስላሳ ሥጋ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ካጠነከረው በኋላ ሳይቆራረጥ አይወጣም። 10 በመቶ ፎርማሊን የሥጋውን መጠን 10 እጥፍ ያህል ይደረግ፤ ቀኝ ወይም ግራ ተብሎ ከክዳኑ ይልቅ ባልዲው ላይ ይጻፍ። አስታማሚ የሚያደርሰው ከሆነ በዚያው ቀን ይድረስ። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ከዕጢው ስፋት በየ1 ሴንቲ ሜትሩ 1 ቁራጭ፣ ዕጢው ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ በየሴንቲ ሜትሩ 2 መውሰድ አለበት፤ የለየለት ካንሰር ካለ በአንድ ጥግ ተደብቆ ሊያመልጥ ይችላል።

ውጤቱ ቦርደርላይን ብቻ ከሆነ ኬሞ አያስፈልግም። ለ5 ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ትታይ። ከ10 ዓመት በኋላ የሚመለስም አለ፤ ቢመለስ ግን አብዛኛው ቦርደርላይን ሆኖ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የቡና ለቀማ ወራት ቀጠሮ የሚያስረሱ ናቸውና ቀኑ ከለቀማው በፊት ቢያዝ ጥሩ ነው። በአንድ እንቁልጢ የወር አበባም እርግዝናም ይቀጥላል፤ 6 ወር ሞክራ ካልተሳካ ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ዓመት አትጠብቅ።

የፓቶሎጂ ወረቀቱን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ታስቀምጥ፣ የስላይዱን (ናሙናው ተለጥፎ የታየበትን መስታወት) ቁጥርም ጽፋ ትያዝ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ዕጢ ቢታይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው አሮጌውን ስላይድ ነው።