በዓል ሲደራረብ ጥልፍሽ እንዳይቆም

ደሴ ላይ ከበዓል ነጻ የሆነ ወር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የእንቁጣጣሽ አበባ ሳይጠወልግ መስቀል ይደርሳል። ከመስቀል በአራተኛው ቀን ደግሞ ግሸን ነው፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ እኛ ቤት አድሮ ነው ወደ አምባሰል የሚያልፈው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ በመሃላቸው ያለው 12 ቀን ብቻ። ኢድና አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ ይመጣሉ። የጎረቤት በዓል ደግሞ እዚህ አገር የራስ በዓል ነው፣ ሳንቡሳ ሲጠቀለል እጅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ "በዓሉ ይለፍና እጠልፋለሁ" የምትይ ከሆነ ክሩ በፌስታል እንደታሰረ ዓመት ይደፍናል። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። አሁን የማደርገው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሐሳብ የሚፈልገውን ለብቻ፣ እጅ ብቻ የሚፈልገውን ለብቻ። መለካት፣ መቁረጥ፣ የጥልፉን ሥዕል ጨርቅ ላይ መገልበጥ፣ ቀለም መምረጥ ሐሳብ ይፈልጋሉ። እነሱን ግርግሩ ሳይጀምር ትጨርሻቸዋለሽ። በበዓሉ ሰሞን የሚቀርሽ መርፌ መውጋት ብቻ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ሰው እያዋራሽም ይሠራል።

አንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት ምረጪ። መጀመሪያ ጨርቁን እጠቢው። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሳይታጠብ ከተጠለፈ በኋላ ላይ ጥልፉን ይዞ ይጨማደዳል። ክሩንም ፈትኚው፣ በተለይ ቀዩንና ጥቁሩን። ትንሽ አርጥበሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈትጊው፣ ቀለም ከለቀቀ ለነጭ የጠረጴዛ ልብስ አይሆንም። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ሙሉ የመሶብ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ ሆኖብኛል፣ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ከዚያ ሥዕሉን ጨርቁ ላይ ገልብጪ። ካርቦን ወረቀት ካለሽ ጥሩ፣ ከሌለሽ ወረቀቱንና ጨርቁን ደራርበሽ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፊና ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ በእርሳስ ተከተይው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ግን ብርሃኑ ስለማይበቃ ጠዋት ጠራ ሲል ነው የሚሠራው።

ክሩን አስቀድመሽ ቁረጪው። ዲኤምሲ የሚባለው ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ቀጫጭን ክር ባንድ ላይ ሆኖ የተሠራ። ከጣትሽ ጫፍ እስከ ክርንሽ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ገደማ እያደረግሽ ብትቆርጪው 16 ቁራጭ ይወጣዋል። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ነጠላ ክር እያደረግሽ ብትለያዪው 48 ጊዜ መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ ማለት ነው። ከዚህ ረጅም ክር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ ይቋጠራል፣ ይሻክራል፣ መፍቻው ከመጥለፉ ይበልጣል። በመጨረሻ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብተሽ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደርድሪያቸው። ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ ክር ማስገባቱ አያስቸግርሽም።

ሁሉንም አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ጨርቅ፣ መርፌ፣ ክር፣ ትንሽ መቀስ፣ በቃ። ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ተረሳ፣ ስለዚህ ቡና የምታፈዪበት ጥግ ስቀይው።

አሁን መቼ የሚለው። ሽንኩርት እየተቁላላ መጥለፍ አይቻልም፣ የዶሮ ወጥ ቁሌት ዓይን የሚነሳለት ነገር አይደለም፣ እጅሽም በርበሬና ቅቤ ነው። ጥሩው ጊዜ የድፎ ዳቦው ሊጥ ኩፍ እስኪል ያለው ነው፣ እሱን ምንም ብትቸኩዪ አታፋጥኚውም። ሌላው ቡና ነው። ወሎ ውስጥ ቡና በአንድ ስኒ አያልቅም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ከሰዓቱን ይወስዳል። ቡናውን ሌላ ሰው የሚያፈላ ከሆነ ጥልፍሽን አውጪ። ቅርብ ጎረቤት ቤት ማንም አይከፋውም፣ እንዲያውም "እስቲ አሳዪኝ" ብላ የምትቀላቀል አትጠፋም። ለቅሶ ቤትና አማት ቤት ግን አይወጣም።

ጾም ትልቅ በረከት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም ሲገባ ቅቤ ከቤት ይጠፋል፣ ወጡም ቶሎ ይደርሳል፣ እጅም ንጹሕ ይሆናል። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ከፋሲካ በፊት የሚደርስ ትልቅ ሥራ ካለሽ የሚጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው እንጂ በሆሳዕና አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቴ ረመዳን ላይ የምትጠልፈው ጠዋት ነው፣ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ማዕድ ቤት ስለምትገባ። ወሩ 29 ወይም 30 ሊሆን ስለሚችልም ሥራዋን ሁልጊዜ በ27ኛው ቀን ትቋጨዋለች፣ ጨረቃዋ ብትቀድም አትደናገጥም። እኔም ይህን ከእሷ ተምሬ ለሁሉም በዓል ሁለት ሦስት ቀን አተርፋለሁ።

ጥልፍ ከከበደሽ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመሽ ስፊ። ከበዓል በፊት ልብስ ሰፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው ብጣሽ ጨርቁ የትየለሌ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ጠይቂ፣ ብዙዎቹ በነጻ ይሰጡሻል። ድሪቶ የሚሉት አሉ፣ እኔ ስሙን አልወደውም። ድሪቶ የተቀደደን መሸፈኛ ነው፣ ይሄ ግን ተመርጦና ተለክቶ የሚገጠም ነው። 50 በ70 ሴንቲ ለሆነ የትራስ ልብስ ገጽ 35 ካሬ ቁራጭ ይበቃሻል። እያንዳንዱን 12 በ12 ሴንቲ ቁረጪ፣ ዙሪያውን አንድ አንድ ሴንቲ ለስፌት ሲሄድ 10 በ10 ይቀርሻል። ሰባት ሰባቱን በአንድ መስመር፣ አምስት መስመር። ለእያንዳንዱ መስመር ስድስት አጭር ስፌት ነው፣ ባጠቃላይ 30። በቀን ሦስት ብቻ ብትሰፊ በአሥር ቀን አለቀ። ከዚያ መስመሮቹን የሚያገናኙ አራት ረጃጅም ስፌቶች አሉ፣ አንዱን በአንድ ማታ። ሁለት ሳምንት ማለት ነው። የዳሩን አንድ ሴንቲ ከጀርባው ጨርቅ ጋር ስትገጥሚ ትጠቀሚበታለሽ። ለገና ከፈለግሽው ታኅሣሥ 10 ላይ ካሬዎቹ ተቆርጠው መገኘት አለባቸው።

የአልጋ ልብስ ካማረሽ በመሃሉ ያረጀ ጋቢ አስገቢበት። ላዩን፣ ጋቢውንና ገበሩን በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው ያዢና እያንዳንዱ ካሬ መገናኛ ላይ በደንብ ወግተሽ አጥብቂው። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ እሱ ይችለዋል። ኮምቦልቻ ያለሽ ከሆነ ጋቢው ይቅርብሽ፣ ሁለት ድርብ ይበቃል። እዚያ ሙቀቱ እጅ ያልባል፣ ነጭ ጨርቅ ቶሎ ይቆሽሻል፣ በየመሃሉ እጅሽን ታጠቢ። ግን ትልቅ ሥራ በበዓል ሰሞን አትጀምሪ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ትራስ ያልቃል፣ አልጋ ልብስ ግን ሳያልቅ ተጠቅልሎ ይቀራል።

ሥራ በሚበዛበት ቀን ለራስሽ ትንሽ ቁጥር ስጪ። አንድ ክር እስኪያልቅ። አንዳንዱ ቀን እሱም አይሞላም፣ ነገ ሁለት ክር ብለሽ ለመካስ አትሞክሪ፣ ከዚያው ቀጥዪ። አምና ለፋሲካ ለመካስ ብዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በባትሪ ጠልፌ በማግሥቱ ግማሹን ፈታሁት፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጣመው ነበር። ጨርቁን የሚወጥረውን ክብ ፍሬም የምትጠቀሚ ከሆነ ባቆምሽ ቁጥር አውልቂው፣ ክቡ ምልክት ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቅቤ ከነካው ወዲያው አትሺው። ደረቅ ዱቄት ነስንሺበት፣ ዘይቱን ይምጠጥ፣ ከዚያ በሳሙና በቀስታ እጠቢ።

በዋዜማው ማታ ቦርሳውን ዝጊ። ከመዝጋትሽ በፊት ግን መርፌዎቹን ቁጠሪ፣ አሥር ከነበሩ አሥር መሆን አለባቸው። ጠዋት ቄጤማው ከተጎዘጎዘ በኋላ የወደቀ መርፌ አይገኝም፣ ልጆቹም ባዶ እግራቸውን ናቸው።