ዓይነ ስውራንም የሚያነቡት የግድግዳ ሥዕል በደብረ ብርሃን እንዴት ይሠራል

የአደባባይ ሥዕል መብት ሊጠይቅ ከተነሣ፣ መብት የሚጠየቅላቸው ሰዎች ራሳቸው ሊያነቡት ይገባል። የሥዕል ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውም ይሠራዋል፤ የሚያስቸግረው ቀለሙ ሳይሆን ጣት እንዲዳስሰው ከግድግዳው ወጣ ተደርጎ የሚሠራው የሲሚንቶ ልስን ነው።

መጀመሪያ መልእክቱን አሳጥሩ። በ1987 እ.ኤ.አ. ስድስት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች የሠሩትና በኒውዮርክ ግድግዳዎች የተለጠፈው የኤድስ ፖስተር ከሩቅ የሚታየው ጥቁር መደብ፣ አንድ ሮዝ ሦስት ማዕዘንና «ዝምታ = ሞት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቅርጽ ለጣትም ይመቻል፤ ዝርዝር የበዛበት ሲዳሰስ ይምታታል። ሲሚንቶ ሳታቦኩ ቅርጹን በጣውላ ላይ በጭቃ ሠርታችሁ ለዓይነ ስውራን አስዳስሱ። ያልለዩትን ቀይሩ።

የግድግዳውን ባለቤትና ቀበሌውን አስፈቅዱ። ከፊቱ ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 በ1.5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ይኑር። የሚዳሰሰው ክፍል ከመሬት ከ70 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን።

አሮጌውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ አንሡ፣ ግድግዳውን በመሮ ጫር ጫር አድርጉ፣ ከዚያ አርጥቡት። ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውሃ ስለሚመጥ ልስኑ ይላቀቃል። 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር አቡኩ፤ ቅርጹን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አውጡት። ጓንት አድርጉ፤ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ አለስልሱ። ፊደል ካለ ለ እና ሉን የምትለየውን ትንሽ ጭረት አወፍሯት፤ አለዚያ ጣት ያልፋታል።

ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ። ባልጠነከረ ልስን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ልስኑን ይፈረካክሰዋል። በእነዚህ ወራት ባትጀምሩ ይሻላል። ግድ ከሆነ ከቀትር በፊት ጨርሱ፣ ማታ በጆንያና በላስቲክ ሸፍኑ፣ ለ7 ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውሃ እርጩበት።

ለቀለም 4 ሳምንት ጠብቁ፤ ትኩስ ሲሚንቶ የዘይት ቀለምን ይልጠዋል። ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይበቃል፤ ከወፈረ ጭረቱን ይደፍነዋል። እይታቸው ለደከመ ሰዎች ጥቁር ሰማያዊ በቢጫ ላይ ይጎላል፤ ቀይና አረንጓዴ አታጎራብቱ።

ብሬልን፣ ማለትም በጣት የሚነበበውን የዓይነ ስውራን የነጠብጣብ ጽሕፈት፣ በሲሚንቶ አግዝፋችሁ አትሥሩ፤ አንዱ ፊደል በጣት ጫፍ ሥር ካልገባ አይነበብም። በብሬል መጻፊያ በስስ አሉሚኒየም ላይ ይጻፍ፣ ጠርዙ ይታጠፍ፣ ብሬል አንባቢ ካረመው በኋላ በብሎን ይታሰር።