ቫይታሚንን በፕሮቲን ቅንጣት ስናሽግ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በአቃቂ ዳርቻ ወዳለችው ትንሽ ቤተ ሙከራችን ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች፣ በውሃ የማይሟማውን ቫይታሚን ዲ፣ ዘይን በሚባለው የበቆሎ ፕሮቲን ቅንጣቶች ውስጥ ማሸግ ሲጀምሩ አስቀድመው የሚሳሳቱት በአልኮሉ ነው። ዘይን በንጹሕ ውሃም ሆነ በንጹሕ ኢታኖል አይሟማም፤ የሚሟማው በሁለቱ ድብልቅ፣ ለምሳሌ ኢታኖሉ ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሆን ነው። «ጠንከር ያለው ይሻላል» ብሎ 99 በመቶውን ያነሳ ሰው ጠርሙሱ ሥር ጓል ተጣብቆ ያገኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የሟሟው ዘይን ከቫይታሚኑ ጋር በሚማሰል ውሃ ላይ ሲፈስ ወተት ይመስላል፤ ተማሪውም በሴንትሪፊውጅ ያሽከረክርና ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ቫይታሚን በማጣቱ «98 በመቶው ገብቷል» ብሎ ይጽፋል። መግባቱን በምን ዐወቀ? አልኮሉ ሲቀጥን የሚዘቅጠው ፕሮቲኑ ብቻ ሳይሆን ቫይታሚኑም ነው፤ ራሱን ችሎ ረግቶ ከቅንጣቶቹ ጋር ሊደባለቅ ወይም ቱቦው ግድግዳ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ የፈሳሹ ባዶነት የሚመሰክረው ቫይታሚኑ በውሃ አለመሟማቱን ብቻ ሲሆን፣ ይህንን ደግሞ ሥራውን ሳንጀምርም እናውቅ ነበር። ፕሮቲን የሌለበት ማወዳደሪያ በዚያው መንገድ ይሠራ፤ እሱም 98 በመቶ ካሳየ አለካኩ ሐሰተኛ ነው። ከዚያ ቅንጣቶቹን፣ ዘይኑን ሳይነካ ቫይታሚኑን በሚያሟሟው በሄክሴን ለአጭር ጊዜ አጥቦ ከላያቸው የተጣበቀውን፣ ቀጥሎም በ80 በመቶ ኢታኖል አሟሙቶ ከውስጣቸው የወጣውን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። እኔም በጀማሪነቴ በዚሁ ስሌት ያማረ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ማወዳደሪያውን የሞከርሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፤ ማዕድናቱ ቅንጣቶቹን ያጓጉሏቸዋል።

ዘይን ብቻውን ሲሆን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6 አካባቢ የኤሌክትሪክ ሙሉን (ቻርጁን) ስለሚያጣ ይጓጉላል፤ በዚህ ምክንያት አንዱ ፒኤቹን ወደ 4 ያወርዳል፣ ሌላው ከወተት ፕሮቲን የሚሠራውን ሶዲየም ኬሲኔት ይጨምራል። ሁለቱንም ምክር አንድ ላይ ተቀብሎ ኬሲኔት የጨመረበትን ወደ 4.6 ያወረደ ልጅ ነበረን፤ ወተትን እርጎ የሚያደርገው ይኸው ፒኤች ስለሆነ፣ ያገኘውም ከእርጎ ብዙ የተለየ አልነበረም።

ቱቦዎቹ በፎይል ይጠቅለሉ፤ ቫይታሚን ዲ ብርሃን አይችልም። በረዶ ሆኖ፣ አየሩ በተመጠጠበት ማድረቂያ ውስጥ እየደረቀ ያለ ናሙና ደግሞ መብራት ሄዶ ከቀለጠ፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት አይቀጠልም፤ እንደ አዲስ ይሠራል።