ሲግናለር ለመሆን ስታስቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሪታንያ የምትኖሩ ወገኖች ስለ ባቡር ሥራ ስታስቡ፣ ብዙ ሰው ሲግናለርን ከጥገና ሠራተኛ ጋር ያምታታል። ሲግናለር መብራት አይጠግንም፣ ሽቦም አይዘረጋም። ባቡሩን የሚያሳልፈው፣ የሚያቆመውና ሐዲድ የሚያስቀይረው እሱ ነው።

"ዲግሪ የለኝም" ብሎ መቅረትም ስህተት ነው። የአገሪቱን ሐዲድ የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል ለዚህ ሥራ ዲግሪ አይጠይቅም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያም ሥራ ቦታው ላይ ራሱ ያሠለጥናል። የጤና ምርመራው ግን አይታለፍም፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ይመረመራል።

ፈረቃውን ሳያጣሩ ማመልከትም አለ። ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል። ገጠር ያለ የሲግናል ቤት (ሲግናለሩ ባቡሮቹን የሚቆጣጠርበት ቤት) ከደረሳችሁ በውድቅት ሌሊት አውቶቡስ አታገኙም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን "አስታውሰዋለሁ" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1915 ስኮትላንድ ውስጥ ኩዊንቲንስሂል ላይ የሆነውን እዩ። ተረኛው ሲግናለር ወደ ሥራ የመጣው በአንድ የአካባቢ ባቡር ነበር። ያው ባቡር ከሲግናል ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ረሳው። ወታደሮች የጫነ ባቡር እንዲያልፍ ፈቀደ፤ ተጋጩ። ወዲያው ሌላ ፈጣን ባቡር ፍርስራሹ ላይ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሐዲዱ መያዙን እንዲያስታውስ የባቡር ምልክቱን በሚያንቀሳቅሰው ማንሻ ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ነበረ፤ ማንም አላጠለቀውም።

የፈረቃ ርክክቡም የተበላሸ ነበር። ሁለቱ ሠራተኞች ከመደበኛው ሰዓት ዘግይተው መቀያየር ለምደዋል። እንዳይታወቅባቸው የሌሊቱ ተረኛ የባቡሮቹን እንቅስቃሴ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፤ የጠዋቱ መጥቶ በራሱ እጅ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ይገለብጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ለመተሳሰብ ብለው የጀመሩት ነገር የሰው ሕይወት በላ። ስለዚህ ርክክብ ላይ አትቸኩሉ። የቆመ ባቡር፣ የተዘጋ መስመር፣ ሐዲድ ላይ ያለ ሠራተኛ ካለ አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ዛሬ ቀለበቱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚደረግ ምልክት ሆኗል፤ እሱን ሳታደርጉ ወደ ሌላ ሥራ አትለፉ።

ሞባይልን በሥራ ሰዓት መነካካት ፈጽሞ አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን፣ ባድ አይብሊንግ አጠገብ ተረኛው በስልኩ ጌም ሲጫወት በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጩ። 12 ሰው ሞተ። ለማስጠንቀቅ ሲሞክር ደግሞ የተሳሳተ የሬዲዮ ቁልፍ ነካ፤ ጥሪው ለሾፌሮቹ አልደረሰም።

መልእክትን ሳያስደግሙ መዝጋትንም ተዉ። ገበሬ ከሐዲድ ማቋረጫ ደውሎ ለመሻገር ሲያስፈቅድ የትኛው ማቋረጫ እንደሆነ፣ በምን እንደሚሻገርና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠይቁት። የፈቀዳችሁትን መልሶ ይንገራችሁ። ትራክተር ወይም ከብት ከሆነ፣ ተሻግሮ ሲጨርስ መልሶ እንዲደውል ንገሩት።