የነፍሰ ጡር እናት የመጀመሪያ ምርመራ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ለነርሶችና ለአዋላጆች

ለክትትል የመጣችን ነፍሰ ጡር ከሁሉ በፊት አሳርፏት። የደሴን ዳገት ወጥታ የገባች እናት ወዲያው ከተለካች የሌለባት የደም ግፊት ሊታይ ስለሚችል፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር ቢያንስ 5 ደቂቃ ትቀመጥ። የሹራቧ እጅጌ ተጠቅልሎ ክንዷን እንዳያንቅ ይውለቅ፤ ክንዷም በልቧ ትይዩ ይረፍ። ልኬቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 4 ሰዓት ቆይቶ ይደገም፣ ሽንቷም ለፕሮቲን ይታይ። 160/110 ከደረሰ ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ ተደግሞ፣ ካልወረደ ሕክምና ተጀምሮላት ወደ ሆስፒታል ትላክ።

የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ስትጠይቁ አትቸኩሉ። ቀኑን የማታስታውስ እናት «ከመውሊድ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ከጥምቀትስ?» ስትባል ብዙ ጊዜ ታስታውሳለች። የመውለጃ ቀኗን ለማግኘት የወር አበባዋ በጀመረበት ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ መካከል ላይ ጳጉሜን ካለ ግን በ10 ፋንታ 5፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች 4 ቀን ይደመራል። ጥር 10 የጀመረ የወር አበባ የመውለጃ ቀኑ ጥቅምት 15 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

በጣም እንድትጠነቀቁ የምለምናችሁ በሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ንጥረ ነገር) ልኬት ላይ ነው። ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች የደም ማነስ ነው የሚለው መለኪያ የተቀመጠው ለዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ 11.5 ያላት እናት «ደህና ነሽ» ተብላ የምትሸኝ አይደለችም። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለችና ማስተካከያው ያንሳል፤ በምትኩ ወባ አለ፣ ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር በዚያው ቀን ደሟ ይመርመር። የአይረን ፎሊክ አሲድ ኪኒን ስትሰጡም ቡና መቼ እንደምትጠጣ ጠይቋት። በወሎ ቡና ከአንድ ጊዜ በላይ ይፈላል፤ አይረኑን ከቡና ጋር ከወሰደችው ሰውነቷ የሚያገኘው ይቀንሳልና ማታ ስትተኛ ትዋጠው።

ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የደም ዓይነትና አርኤች (ደሟ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ) በመጀመሪያው ቀን ይታዘዙ፤ የክንዷ ዙሪያም ይለካ፣ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ ድጋፍ ያሻታል። ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው እንዳለ የሚጠየቀው አብሯት የመጣው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

ከመሄዷ በፊት ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስና የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታዩ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ ንገሯት፤ የነገራችኋትንም በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገራችሁ፣ ያልጠቀሰችው ካለ እንደገና ይነገራት።