የመሬቱ ንባብ ከአውሮፕላኑ ጋር አልገጥም ሲል

ሐዋሳ ላይ ጣሪያ ላይ ቆሞ ፀሐይን እየተከተለ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ዓምድ (ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ያለውን) የሚለካ ኤፍቲአይአር (የፀሐይን ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚተነትን መሣሪያ) ከአውሮፕላን ልኬት ሲለይ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የማስተካከያ ቁጥሩን፣ ማለትም ንባቡን ከአውሮፕላን ልኬት ጋር የሚያስማማውን ማካፈያ ነው። ተዉት! ቁጥሩ የእናንተን ሰዓትና ባሮሜትር እንዲያርም አልወጣም።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ከ4 እስከ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ልዩነት። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፕላን የወጣው ቁጥር 0.989 ነበር፤ ጥሬው ንባብ ለእሱ ይካፈል ነበር። በዚያ ቁጥር ሁለቴ ከተካፈለ 420 የነበረው 424.7 ይሆናል፣ ከተረሳ ያን ያህል ያንሳል። ልዩነቱ 0.2 ገደማ ብቻ ከሆነ አንዱ በኤክስ2007፣ ሌላው በኤክስ2019 ስኬል (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ማጣቀሻ) ነው።

ምልክት፦ ኤክስኤር (በግፊት የተሰላው ደረቅ አየር በኦክስጅን ለተሰላው ሲካፈል) 1 አካባቢ መሆን ሲገባው 1.2 ደረሰ። ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ግፊት አስገብታችኋል። ሐዋሳ 830 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ስልክ ላይ ያያችሁትን 1015 አትጻፉ። ባሮሜትሩ ታች፣ መሣሪያው ጣሪያ ላይ ከሆነም በየ10 ሜትሩ 1 ሄክቶፓስካል ያህል ቀንሱ።

ፀሐይን የሚከተለው መስታወት አቧራ ከያዘ በእጅ መንፊያ ብቻ። ጨርቅ አይነካውም።

አሁን ወደማያልቀው ጣጣ፣ ወደ ሰዓት። ኤክስኤር ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ ካለ ሰዓቱ ቀድሟል፤ ተገላቢጦሹ ከሆነ ዘግይቷል። ፀሐይ ከአናት 60 ዲግሪ ስታዘነብል የአንድ ደቂቃ ስህተት 0.7 ከመቶ ያህል ያዛባል፣ ቀትር ላይ ግን አይታይም። ጠዋትም ከሰዓትም ወደ አንድ ወገን ከጎበጠ ጥፋቱ የሰዓት አይደለም፣ መስታወቱ ፀሐይን መሃል አልያዘ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለኦክስጅን ስለሚካፈል ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋል። አታላይነቱም እዚያ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር ደህና ይመስላል።

ከሁሉ የባሰው የደብተሩ ነው። «9፡00» ተብሎ ይጻፋል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለማለት። የአውሮፕላኑ ፋይልም 09፡00 ይላል፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት)፤ ያ ደግሞ የእኛ ስድስት ሰዓት ነው። ቀትርና ዘጠኝ ሰዓት ተጣምረው ይነጻጸራሉ። የጠዋቱ ሦስት ሰዓት 03፡00 ተብሎ ቢገባ ሶፍትዌሩ ፀሐይ አልወጣችም ብሎ ይጥለዋል፤ ዘጠኙ ግን ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል።

መፍትሄ፦ ኮምፒውተሩ በዩቲሲ ይሁን፣ ሰዓቱን ከዩኤስቢ ጂፒኤስ ይውሰድ። ደብተር ላይ «ዩቲሲ» ያልተባለበት ሰዓት፣ በፈረንጅ ያልሆነ ቀን አይጻፍ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ዴስክቶፕ ሲአር2032 ባትሪው አልቋል፤ የሱቁን ርካሽ ባትሪ ሳትለኩ አታስገቡ። ያለፈውን ዳታ ለማዳን ሰዓቱን በ10 ሴኮንድ እየገፋችሁ፣ በእኩል የፀሐይ ማዕዘን የጠዋቱና የከሰዓቱ ኤክስኤር የሚገጥሙበትን ፈልጉ። የጠዋቱና የከሰዓቱን መሃል ስድስት ሰዓት ላይ አታድርጉ፤ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው እንደ ወሩ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ነው። ጥሬው ፋይል አይነካ፣ ቅጂው ላይ ሥሩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልገጠመ አውሮፕላኑ የት ድረስ እንደወጣ እዩ። 9 ኪሎ ሜትር ላይ ግፊቱ 320 ገደማ ስለሆነ፣ ከ830 ተነስቶ የለካው ከዓምዱ 60 ከመቶ ያህሉን ነው። ቀሪው የሞዴል (የከባቢ አየር የኮምፒውተር ስሌት) ግምት ነው፤ ልዩነቱን መሣሪያው ላይ ከመለጠፍ በፊት ሞዴሉን ቀይራችሁ አስሉት።